ዋልካ ላይ የተተከለ ቋሚ

የጅምናስቲክ ቀለበት መስቀያ ለመሥራት ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፣ ገመድና ሁለት ቀለበት ይበቃል ብዬ ነው የጀመርኩት። ዕቃው ደግሞ በምኖርባት የደቡብ ወሎዋ ወግዲ ውስጥ ሞልቷል። ባሕር ዛፉ ከጓሯችን ዳር ቆሟል፤ ምስማርና ጥቁር ሽቦ ከሱቅ ይገኛል፤ ቀለበቱን በያጅ አጥፎ ይበይደዋል። ስለ ገመዱ ብዙ አሰብኩ። ስለ ቀለበቱ ስፋት ብዙ አነበብኩ። የአግዳሚውን ከፍታ ደጋግሜ ለካሁ። ይህን ሁሉ ስለሚሸከመው አፈር ግን አላሰብኩም። ተወልጄ ያደግኩት በዚሁ አፈር ላይ ነው፤ ያላሰብኩትም ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስፖርት መሥራት ለምጄ ነበር። ተመርቄ አገሬ ገብቼ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር ግን ያ ልማድ ቀረ። ቀን ክፍል፣ ማታ ፈተና ማረም፤ ሰውነቴ እየከበደኝ፣ ትከሻዬ እየጎበጠ ሄደ። በየሰፈሩ ወጣቱ የሚያደርገውን እኔም ሞከርኩ፦ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በመሐላቸው ቱቦ ሰክቶ ብረት ማንሣት። በዚህ መንገድ ክንዱን ያጠነከረ ወጣት በየከተማው ስላለ አልንቀውም። እኔን ግን ወገቤን አመመኝና ተውኩት።

ቀለበቱን ያገኘሁት በስልኬ ነው። አልበርት አዛርያን የሚባል፣ ለሶቪየት ኅብረት ይወዳደር የነበረ አርመናዊ፣ በሁለት ቀለበት መሐል ክንዶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግቶ፣ አየር ላይ ያለ ምንም ድጋፍ ጸንቶ ሲቆም አየሁ። በቀለበት በሜልቦርን 1956 እና በሮም 1960 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። የሮሙ የጅምናስቲክ ውድድር የተካሄደው በጥንታዊው የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ውስጥ ነበር። የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውም በዚያው ኦሎምፒክ፣ በዚያችው ከተማ ነው። አበበን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በዚያው ሰሞን ሌላው ሰው በሁለት ቀለበት ምን እንደሠራ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ምስል ካየሁ በኋላ ሌላ ስፖርት አላምርህ አለኝ።

የሳበኝ ሌላም ነገር ነበር። ቀለበት ክብደት አይፈልግም፤ ክብደቱ ራስህ ነህ። ጂም ለሌለበት አገር የተፈጠረ መሰለኝ። ታሪኩን ሳነብ ደግሞ ስፖርቱ ራሱ ከአዳራሽ እንዳልተጀመረ አወቅኩ። ፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ያን የሚባል ጀርመናዊ በ1811 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን ማሠራት የጀመረው በርሊን ዳር፣ ሀዘንሃይደ በሚባል ሜዳ ላይ፣ ከእንጨት በተሠሩ መሣሪያዎች ነው። ሰውየው መምህር ነበር። እኔም መምህር ነኝ፤ ሜዳና እንጨት እኔም አለኝ አልኩ። አገራችን ውስጥስ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰርከስ ኢትዮጵያ ልጆች በጥቂት መሣሪያ ሰውነታቸውን ምን ምን እንዳዘዙት ታይቶ የለም?

ለውድድር የሚቆመው መስቀያ ከወለሉ 5.80 ሜትር ከፍ ይላል። ቀለበቶቹ ከወለሉ 2.80 ሜትር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ በመሐላቸው 50 ሳንቲ ሜትር አለ፤ የውስጥ ስፋታቸው 18፣ ውፍረታቸው 2.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእኔ ይህ ሁሉ ከፍታ አያስፈልገኝም። 3 ሜትር ላይ ያለ አግዳሚ ለመሳብም፣ ለመደገፍም፣ እግር አንሥቶ ለመቆየትም ይበቃል። ልኩን በወረቀት ላይ ነደፍኩ። ንድፉ ዛሬም አለኝ፤ የመሬቱ መስመር በእርሳስ የተሳለ አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ነው፤ ከሰረዙ በታች ምንም የለም።

የተከልኩት በጥር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ የጓሯችን ዋልካ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዋልካን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ጃማን ጨምሮ በደቡብ ወሎ ደጋ ሜዳማው ቦታ ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። ገበሬው ጠባዩን ያውቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እኔ ግን ያየሁት ድርቀቱን ብቻ ነበር። መቆፈሪያው ሲያርፍበት ይነጥራል። ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይሞላ እጄ ላበ፣ መዳፌ ተላጠ። እንዲህ የጠነከረ መሬት ቋሚ አይለቅም ብዬ ቁፋሮውን አቆምኩ።

እንጨቱም ያው ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ያልደረሰበት ደጋ የለም፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል። የቆረጥኩት በዋዜማው ነው፤ ልጡን ሳልልጠው፣ ሳላደርቀው ተከልኩት። ለአግዳሚው የመረጥኩት 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ነበር፤ ለማንሣት ስለቀለለኝ። አግዳሚውን በቋሚዎቹ ጎን አስጠግቼ በረጃጅም ምስማር መታሁት፤ በሽቦም ጠመጠምኩት። ገፋ ገፋ አደረግኩት፤ አልነቃነቅ አለ። ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በአናጺነት ያሳለፉ አዛውንት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል። ሥራውን ሲያዩ አጥሩ ጋ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን ልትሠራበት ነው?»

«ቀለበት ላንጠለጥልበት ነው አባባ፤ ስፖርት የምሠራበት።»

«ክረምቱን ይሻገራል ትላለህ?»

«ይሻገራል አባባ። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ ይሄ እንጨት ከዚያ በላይ ይሸከማል።»

«መሸከሙንስ ይሸከም። እኔ እንጨቱን አይደለም የማየው። ዋልካ በበጋ ድንጋይ ነው፣ በክረምት ሊጥ ነው። ነገ ብቅ በል፣ የቤቴን ቋሚ እንዴት እንደተከልኩት ላሳይህ።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው። በነጋታው ግን አልሄድኩም፤ ከዚያም በኋላ አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ንቄአቸው አልነበረም፤ እሳቸውን የሚንቅ ሰፈሩ ውስጥ የለም። የእሳቸው ዕውቀት የቤት ነው፣ የእኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ብዬ ነው። እኔ ያለሁት ከቪዲዮው ጋር ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በመድኃኒት የታከመ ጣውላ በኮንክሪት ሲተክሉ አይቼ፣ መልኩን ቀድቼ አሠራሩን ተውኩት። ቪዲዮው የእኔን አፈር አያውቅም፤ አባባ ግን ያውቁታል። አጥር ተሻግሮ ከመጠየቅ ስልክ መክፈት የሚቀለን ሰዎች ብዙ ነን፤ እኔም በጊዜው ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ። ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም፤ ስሕተቱን ያቆየልኝ መልካምነቱ ነውና። ቀለበት ላይ መጀመሪያ ሲደገፉበት ክንድ ይንቀጠቀጣል። የሚይዙት ነገር አይረጋም፤ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ለማርጋት ከትከሻ እስከ ሆድ ያለው ጡንቻ ሁሉ አንድ ላይ መሥራት አለበት። ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ እግሬን መሬት አስነክቼ እለማመድ ነበር። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ክፍል ውስጥ ቀጥ ብዬ መቆም ጀመርኩ። ጡንቻ ከጅማት ቀድሞ እንደሚጠነክር አንብቤ ስለነበር አልቸኮልኩም፤ በሰውነቴ ላይ ያሳየሁትን ትዕግሥት ለእንጨቱ መንፈጌ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ቀለበት ከፌሮ የተሠራ ነበር፤ ቀጭንና ሸካራ፤ የብየዳው እብጠት መዳፍ ይቆርጣል። በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቀለልኩት። እጄ ሲያልበኝ የክፍል ጠመኔ ፈጭቼ እቀባ ነበር። ጅምናስቶቹ የሚቀቡት ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት የሚባል ነው፤ የእኛ ጠመኔ ግን በአብዛኛው ጂፕሰም ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ይረዳል። አንድ ወዳጄ ኖራ ተጠቀም ብሎኝ ነበር። ይህን ማንም እንዳያደርገው፤ ኖራ ከላብ ጋር ቆዳ ያቃጥላል።

ከዚያ ልጆች መጡ። መጀመሪያ በአጥር አሻግረው ያዩኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ገባ፣ ሌላውም ተከተለ። የእህቴ ልጅ ከሁሉም አብልጦ ወደደው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ጥሎ ወደ ቀለበቱ ነው። አስተማርኩት፤ ኮራሁበትም። «አትወዛወዙ» ብዬ አዝዤአቸው ነበር። በውድድርም ሕጉ ይኸው ነው፤ ገመዱ ሲወዛወዝ ነጥብ ይቀነሳል፤ የቀለበት ጥበብ የሚላወሰውን ነገር ማርጋት ነው። ነገር ግን ገመድ ያየ ልጅ ዥዋዥዌ ነው የሚታየው። እኔም ልጅ ሳለሁ የታየኝ ያው ነበር። ያቆምኩት መስቀያ ግን ለእኔ ዓይነቱ ቀስ ብሎ ለሚንጠለጠል ትልቅ ሰው ብቻ የታሰበ ነበር፤ ግቢያችን ደግሞ የልጆች መዋያ ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ነገር የባለቤቱ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ማወቅ ነበረብኝ።

ክረምት ገባ፤ ትምህርት ተዘጋ፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ። ሐምሌ ዘነበ፣ ነሐሴ ባሰ። ቋሚው ሲነካ ትንሽ እንደሚላወስ አይቼ ነበር። በሥሩ ዙሪያ ጣት የምታስገባ ክፍተት ተፈጥሮ ውሃ ቋጥራ ነበር። አይቼ ድንጋይ ወሽቄበት አለፍኩ። እዚህ ላይ ምንም ሰበብ የለኝም። አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ይህን ግን አይቼዋለሁ።

ዙሁር ሰግደን ዝናቡ ጋብ ሲል ነው የሆነው። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የእህቴ ልጅና ጓደኛው አንድ አንድ ቀለበት ይዘው፣ ወደ ኋላ ተንደርድረው፣ አብረው ተወዛወዙ። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ አንዱ ቋሚ ወደ ፊት ጋድሏል፤ ምስማሮቹ ተነቅለዋል፤ አግዳሚው ልጁ ከወደቀበት አጠገብ፣ ጭቃው ውስጥ ተጋድሟል። ከጭንቅላቱ ጋር ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም። ጓደኛው ቆሞ ያለቅሳል። የእህቴ ልጅ አላለቀሰም፤ እጁን ይዞ ያየኛል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ አጥንቱ አልተሰበረም አሉ፤ የእጁ አንጓ አብጦ ነበርና ታሰረለት።

እህቴ አልጮኸችብኝም። «አልሐምዱሊላህ፣ ጭንቅላቱን ስቶታል» አለች፤ ከዚያም ሻይ አፈላችልኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ልጁ ደግሞ ማታ ላይ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለኝ። ይህን ሲል ልቤ ተሰበረ። እሱ ምንም አላበላሸም። ልጅ እንደሚያደርገው አደረገ፤ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ማድረግ ያለበትን አላደረግኩም። ይህንኑ ነገርኩት፤ በደንብ ሳይገባው እንቅልፍ ወሰደው።

ያን ሌሊት እኔ አልተኛሁም። ወረቀት አውጥቼ፣ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረውን ስሌት ለራሴ ሠራሁት። ሳይወዛወዝ የተንጠለጠለ ሰው ክብደቱን ብቻ ነው የሚያሸክመው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ከሚንጠለጠልበት 60 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ተስቦ የተለቀቀ ሰው ግን ታች ሲደርስ የክብደቱን እጥፍ ያሸክማል። ገመዱ ከመሬት ጋር አግድም ከሆነበት ቢለቀቅ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ግን ወደ ጎን ያለው ነው። በዚያው የ60 ዲግሪ ውዝዋዜ አግዳሚውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ከክብደቱ አምስት እጅ አራቱን ያልፋል። ሁለቱ ልጆች አንድ ላይ ከእኔ አይከብዱም፤ 60 ኪሎ ቢሆኑ ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ ያህል ኃይል፣ 3 ሜትር ላይ ሆኖ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ቋሚውን ይጎትተው ነበር። 3 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ከሥሩ ለመንቀል የተዘጋጀ ማንሻ ነው። የያዘው ደግሞ ግማሽ ሜትር ያልሞላ የራሰ ዋልካ ነበር። ለአባባ «ከዚያ በላይ ይሸከማል» ስላቸው የመለስኩት ወደ ታች ስላለው ክብደት ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለዚያ አልነበረም።

ሦስቱም ነገር በእጄ ነበር፦ ፊዚክሱን ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ፤ አፈሩን በእግሬ እረግጠዋለሁ፤ አባባ አጥር ተሻግረው ይኖራሉ። እኔ ግን ሦስቱን አንድ ቦታ አላገናኘኋቸውም። የማስተምረው የመጽሐፍ፣ የምረግጠው የገበሬ፣ የአባባ ደግሞ የቤት ሠሪ ዕውቀት መስሎኝ እያንዳንዱን ለየብቻ አስቀምጬ ነበር የምኖረው።

በነጋታው ሄድኩ። ይቅርታ ጀምሬ አላስጨረሱኝም። «አብሽር ልጄ፤ ልጁ ደኅና ነው?» አሉኝና ቡና አስቀረቡ። መልሼ ልትከለው ብዬ ስለቸኮልኩ ሳቁ። «ዋልካ ላይ በክረምት አይተከልም። ኅዳር ይድረስ።» መጠበቅ ነበረብኝ። በመጠበቁ ጊዜ ለአግዳሚው የወፈረ ባሕር ዛፍ ቆርጠን፣ ልጡን ልጠን፣ ጥላ ውስጥ ከመሬት አንሥተን አጋደምነው፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አይጣመምም፣ ስንጥቁም ያንሳል። ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። የድቡልቡል እንጨት ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ከ8 ወደ 12 መሄድ ጥንካሬውን ከ3 እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ይህን ስነግራቸው «እንዴት አወቅከው?» አሉኝ። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ሲመዝኑ የኖሩት ነገር ነው።

ለቋሚው ጥድ ይሻላል አሉ። ጥድ መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ምስጥም አይደፍረውም። ትኩስ ጥድ ማስቆረጥ ግን አልፈለግኩም። ቦረና ሳይንት በኩል ደንቆሮ ጫካ አለ፤ ጅባራው፣ አስታው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የተረፈበት ያ ደን ከነጥዱ ሊከበር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። አባባ መላ አመጡ። አንድ የፈረሰ አሮጌ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ቋሚዎቹን ሸጠልን። ሲነቀሉ አየኋቸው። ከመሬት በታች የነበረው ክፍላቸው ጠቁሯል እንጂ ጤነኛ ነው። ትንሽ የተበላው መሬቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበት አንጓ ላይ ብቻ ነው። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት እዚያ እንደሆነ ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ያን ቦታ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ደጋግመን ቀባነው።

ኅዳር ላይ የሰፈሩ ወጣቶች በደቦ ወጡ። ጉድጓዱን አባባ ቆመው አስቆፈሩን። ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ አታቁሙ አሉ። አንድ ሜትር አልፈን ከታች ቢጫ ኮረታማ አፈር ብቅ ሲል «ይኸው፣ መሬት አገኛችሁ» አሉ። ያ ሁሉ ከላይ የነበረው ለእሳቸው መሬት አልነበረም። የወጣውን ዋልካ መልሰን አልሞላንም፤ ድንጋይና ኮረት በየተራው እየጨመርን በእንጨት ወቀጥነው። ኮረት ብቻውን ቢተው ጉድጓዱ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ ስለዚህ ከላይ አፈር ከምረን ወደ ውጭ አዘነበልነው፤ ከዳገቱ በኩል ውሃ የሚመልስ፣ ከቁልቁለቱ በኩል የሚያስወጣ ቦይ ቀደድን።

የወደድኩት ግን ላዩን ነው። የፈረሰው ቤት ቋሚዎች ጫፋቸው ባላ ነበር። አግዳሚውን ባላው ላይ አስቀመጥነው። «ምስማር ያዝ ያደርጋል እንጂ አይሸከምም» አሉኝ አባባ፤ «እንጨት በእንጨት ላይ ይቀመጥ።» የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ክብደቱን በሙሉ በምስማር አንገት ላይ ነበር የጣለው። ከዚያ በእያንዳንዱ ቋሚ ፊትና ኋላ ሰያፍ ደጋፊ ቆመ፤ ሥሩ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተደግፎ። ልጆቹ የሚወዛወዙት በዚያ አቅጣጫ ስለሆነ ደጋፊውም በዚያው አቅጣጫ መሆን ነበረበት። እኔ በመጀመሪያው ላይ ደጋፊ የሚባል ነገር አላደረግኩም ነበር።

ቀለበቶቹንም ቀየርኩ። ሦስት አራተኛ ኢንች የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ ለውድድሩ ውፍረት ይቀርባል። በያጁ ቱቦውን እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ሞልቶ አጠፈው፤ ብየዳውንም ሞርዶ አለሰለሰው። በገመድ ፋንታ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አደረግኩ። ገመዱ አግዳሚውን ሲፈትገው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ከውስጥ እንደሚያልቅ ከወደቀው ላይ አይቼ ነበር።

ሲያልቅ ልንጠለጠልበት ስል አባባ ከለከሉኝ። ረጅም ገመድ አግዳሚው ላይ አሰሩና ጎረምሶቹን ጠሩ። «ወደ ታች አትሳቡት፤ ወደ ታችማ ሁሉም ይችላል። ወደ ጎን ሳቡት።» ወደ ፊት ሳቡት፣ ዞረው ወደ ኋላ ሳቡት። አባባ ቋሚውን አላዩም፤ ቁጢጥ ብለው ሥሩን፣ አፈሩንና እንጨቱን የሚያገናኘውን መስመር ነበር የሚመለከቱት። መስመሩ አልተከፈተም። «አሁን ልጆቹን ጥራ» አሉ።

የእህቴ ልጅ ወዲያው አልመጣም። መጥቶም ቋሚውን በእጁ ገፋ፣ በትከሻው ገፋ፣ ደጋፊውን ረገጠ። ማንም አላስተማረውም። እስኪጨርስ ዝም አልኩ። አሁን ይወዛወዛል፤ እኔም አልከለክለውም፤ ከሥሩ ጭድ የሞላ ጆንያ ደርድረናል።

ክረምት በወጣ ቁጥር፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የቋሚዎቹን ሥር እመለከታለሁ። አንደኛው ደጋፊ ባለፈው ክረምት ትንሽ ተንሸራቶ ነበር፤ ድንጋዩ ዋልካው ላይ ስለተቀመጠ ነው። እሱንም እስከ ቢጫው መቆፈር አለብን፤ አባባ ጉልበታቸው ስለደከመ ወንበር አውጥተን ይቆጣጠሩናል። በቅርቡ ደግሞ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ተማሪዎቼ ለሰፈራቸው እንዲህ ያለ እንድነድፍላቸው ጠየቁኝ። ንድፉን ገና አልሰጠኋቸውም። መጀመሪያ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከታች ያገኙትን አፈር በላስቲክ ቋጥረው እንዲያመጡልኝ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሲያመጡ ይዘን ወደ አባባ እንሄዳለን።